በነፃ ንድፍ የተሠራች ሮኬት ከመነሳቷ በፊት፦ ለአንድ አባት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ11 ዓመት ልጄ በነፃ የሚወርድ የሞዴል ሮኬት ንድፍ አግኝታ አትማዋለች። ሮኬቷ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትረዝማለች፣ ሦስት ክንፍ አላት፣ የምትነሳው በ18 ሚሊ ሜትር ሞተር ነው። ነፃ ንድፍ ይታመናል ወይ? የትኛውን ሞተር ልግዛ? ነዳጁን እቤት ማዘጋጀት ይረክሳል የሚል ቪዲዮም አይተናል። ቤታችን አጠገብ ካለው ፓርክ ልናስነሳት አስበናል። ለዕረፍት አዲስ አበባ ስንሄድ ደግሞ ለወንድሜ ልጅ አንድ ሁለት ሞተር ይዘንለት ብንሄድስ?»

ለልጅዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ኪት ገዝታ ከመገጣጠም ይልቅ ንድፍ ፈልጋ ከባዶ መጀመሯ ብዙ ያስተምራታል፤ ፋብሪካው ለክቶ የሚሰጠውን ሁሉ እሷ ራሷ ልትለካው ነው።

ከጥያቄዎችዎ ሦስቱ አጭር መልስ አላቸው። ነዳጅ እቤት አታዘጋጁ። ከሰፈራችሁ ፓርክ አታስነሱ። ሞተር ይዛችሁ አውሮፕላን አትሳፈሩ። ምክንያቱን በየቦታው እጽፋለሁ። የንድፉ ጉዳይ ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ንድፉ የሚነግራችሁ ንድፉን ያወጣው ሰው የሠራት ሮኬት ምን ትመስል እንደነበር ነው። የምትበረው ግን እናንተ የሠራችኋት ናት። ኮላው ይበዛል፣ ቀለሙ ይወፍራል፣ አፍንጫው ከሌላ ቁስ ይሠራል፤ በዚህ ሁሉ ክብደቷም ሚዛኗም ይለወጣል። ስለዚህ ንድፉ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ያለቀችውን ሮኬት ሳትመዝኑና ሚዛኗን ሳትፈትሹ አታስነሷት።

ከሁሉ በፊት የታተመውን ወረቀት በማስመሪያ ለኩ። ንድፉ አውሮፓ ውስጥ የተሣለ ከሆነ ለኤ4 ወረቀት ነው የተዘጋጀው፤ እናንተ ማተሚያ ላይ ያለው ደግሞ ሌተር ነው። ኤ4 ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሌተር 279 ነው። ማተሚያው ሥዕሉን ከገጹ ጋር እንዲያስማማ ከተተወ ወደ 94 በመቶ ያሳንሰዋል። ዓይን ይህን አይለይም። የክንፉ ስፋት ግን በቁመትም በወርድም ስለሚቀንስ የሚቀረው 88 በመቶ ገደማ ነው። ከሱቅ የምትገዙት ቱቦ ደግሞ በዚያው ልክ አያንስም። በዚህ ዓይነት ቱቦው ሙሉ፣ ክንፉ ጎደሎ የሆነች ሮኬት ትወጣለች፤ እንዲህ ያለች ሮኬት ከማስወንጨፊያ ዘንጓ እንደወጣች ልትገለባበጥ ትችላለች። ንድፉ ላይ የመለኪያ መሥመር ካለ ልኩን በማስመሪያ አረጋግጡ። ከሌለ የክንፎቹን ቦታ የሚያሳየውን ረጅም ቁራጭ ቱቦው ላይ ጠቅልሉት፤ ሁለቱ ጫፎች ሳይደራረቡና ሳይራራቁ ከገጠሙ ልኩ ትክክል ነው። ካልገጠሙ በ100 በመቶ ልክ እንደገና ይታተም።

በጻፉልኝ መጠን የሚሠሩ ንድፎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ቢቲ-50 የሚባለውን የወረቀት ቱቦ ነው፤ የውጭ ስፋቱ 24.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ 18 ሚሊ ሜትር ወርድና 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ስላለው፣ ውስጥ ቢቲ-20 በሚባል ጠባብ ቱቦ ይገባል፤ ይህን ጠባብ ቱቦ ሁለት የካርቶን ቀለበቶች መሃል ለመሃል ይይዙታል። ኤስተስ የተባለው ኩባንያ የሚሸጣት የታወቀችው ሮኬት አልፋም በዚሁ ልክ የተሠራች ናት፤ 31 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፣ ባዶዋን 23 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ያንን ቁጥር እንደ ማነጻጸሪያ ያዙት። የእናንተዋ 35 ግራም ብትመዝን አያስደንቅም፤ 60 ከደረሰች ግን የሆነ ቦታ ኮላ ወይም ቀለም በዝቷል ማለት ነው። አካሏ፣ አፍንጫዋና ክንፎቿ ከወረቀት፣ ከቀላል እንጨት ወይም ከስስ ፕላስቲክ ብቻ ይሁኑ። ብረት አይግባባቸው።

ክንፉን ስትቆርጡ ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት ጭረቱ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ጭረቱ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ቱቦውን ተከትሎ እንዲሄድ ተደርጎ የተቆረጠ ክንፍ፣ ገና በመጀመሪያው ማረፍ ከሥሩ ይሰበራል። አንዳንዴም አየር ላይ ተገንጥሎ ይሄዳል፣ ያ ደግሞ የከፋው ነው። ንድፉ ላይ ጭረቱን የሚያሳይ ቀስት ካልተሣለ ራሳችሁ ሣሉበት። የፊት ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አድቦልቡሉት፣ ቱቦውን የሚነካውን ጠርዝ ግን ቀጥ እንዳለ ተዉት።

ቱቦው ላይ ቀጥ ያለ መሥመር ለማስመር የበር ፍሬም ማዕዘን ላይ አስደግፋችሁ በእርሳስ መሳብ ይበቃል። ለማጣበቂያ ተራ የእንጨት ኮላ ከሁሉ ይሻላል። የክንፉን ሥርና የቱቦውን መሥመር ቀቡ፣ አገናኙ፣ መልሳችሁ አላቅቁ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ መያዝ ሲጀምር እንደገና ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ ለጥፉ። በዚህ መንገድ የተያዘ ክንፍ ቢሰበር እንኳ የሚሰበረው እንጨቱ ነው እንጂ ኮላው አይለቅም። ሲደርቅ ግራና ቀኙን ስስ የኮላ መሥመር ጨምሩበትና በጣት አለስልሱት። በፒስቶል የሚቀልጠውን ትኩስ ሙጫ ተዉት፤ ይከብዳል፣ ሞተሩ ሲግል ደግሞ ይለሰልሳል።

አፍንጫውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ላስቲክ ቢያንስ የሮኬቷን ርዝመት ሁለት እጥፍ ይሁን። አጭር ከሆነ አፍንጫው በኃይል ወጥቶ ተመልሶ ቱቦውን ይበሳዋል። ማስወንጨፊያ ዘንጉ የሚያልፍበትን ትንሽ ቱቦ በሁለት ክንፎች መካከል፣ ከአካሉ ጋር ቀጥ አድርጋችሁ ለጥፉት። የተለመደው ዘንግ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ ልጅዎ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዝ ይህ እንዲሆን እመኛለሁ። ሮኬት ላይ ሁለት ነጥቦች አሉ። አንደኛው የክብደት ማዕከል ነው፤ ሮኬቷን ጣት ላይ ብታስቀምጧት ወዴትም ሳታዘነብል የምትቆምበት ቦታ። ሁለተኛው የአየር ግፊት ማዕከል ነው፤ ሮኬቷ ስታዘነብል አየሩ ከጎን የሚገፋት ኃይል ሁሉ የተሰበሰበበት ቦታ። ሮኬት የምትሽከረከረው በክብደት ማዕከሏ ዙሪያ ስለሆነ፣ የአየሩ ግፊት ከዚያ ወደ ኋላ ካረፈ ጅራቷን ገፍቶ አፍንጫዋን ወደ መንገዷ ይመልሳል። ፍላጻ ጅራቱ ላይ ላባ፣ አፉ ላይ ብረት የሚደረግለት ለዚሁ ነው። ግፊቱ ከክብደት ማዕከሉ ወደ ፊት ካረፈ ግን እያንዳንዱ ትንሽ መዛነፍ ይብስበታል፤ ሞተሩ እየነደደ ሮኬቷ ወዴት እንደምትዞር ማንም አያውቅም። የክብደት ማዕከሉ ቢያንስ በአንድ የቱቦ ወርድ ያህል መቅደም አለበት። በእናንተ ሮኬት ይህ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው።

የክብደት ማዕከሉን ስትፈልጉ ሮኬቷ ለበረራ እንደምትዘጋጀው ሙሉ ትሁን፤ ያልተነካ ሞተር፣ ፓራሹትና ፓራሹቱን ከእሳት የሚከላከለው ወረቀት ውስጧ ይግባ። ባዶዋን ብትመዝኑ ጥሩ ትመስላለች፤ ሞተሩ ሲገባ ማዕከሉ ወደ ኋላ ይሸሻል። ነጥቡን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

የግፊት ማዕከሉን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ የሮኬቷን የጎን ቅርጽ፣ ከነክንፎቿ፣ ጠንከር ያለ ካርቶን ላይ ሥላችሁ መቁረጥ ነው። ካርቶኑ ማስመሪያ ጠርዝ ላይ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ቦታ እንደ ግፊት ማዕከል ይያዛል። ይህ ዘዴ ማዕከሉን ከእውነተኛው ቦታ ወደ ፊት አስጠግቶ ነው የሚያሳየው፤ ስህተቱ ወደ ጥንቃቄ ስለሚያደላ ለጀማሪ ይመቻል። ከዚህ የጠራውን ስሌት ጄምስ ባሮውማን እ.ኤ.አ. በ1966 ለሞዴል ሮኬት ሠሪዎች አቅርቦታል። ባሮውማን ከእናንተ ብዙም በማይርቀው በግሪንቤልት፣ የናሳ ጎዳርድ ማዕከል መሐንዲስ ነበር። ዛሬ ያንን ስሌት ኦፕንሮኬት የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይሠራላችኋል፤ መነሻው ሳምፖ ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ2009 በሄልሲንኪ የሠራው የማስተርስ ጽሑፍ ነው። ልጅዎ የለካቻቸውን ቁጥሮች እየሞላች ክንፉን ስታሳንስና ስታሰፋ ነጥቡ ሲንቀሳቀስ ትመልከት። ይህንን አንድ ምሽት ቢሰጡት የትኛውም ማብራሪያ አይተካከለውም።

የመጨረሻው ፈተና ውጭ ነው። ለበረራ የተዘጋጀችውን ሮኬት በክብደት ማዕከሏ ላይ በ2 ሜትር ገደማ ገመድ እሰሩና ሰው በሌለበት ሜዳ ከራስ በላይ አዙሯት። አፍንጫዋን አስቀድማ ከዞረች ደህና ናት። ወደ ጎን ወይም በጅራቷ ከዞረች አትነሳም። ፈተናው ጥብቅ ስለሆነ አንዳንድ ደህና ሮኬትም ሊጥል ይችላል፤ ቢሆንም የወደቀችውን እንደ ወደቀች ቁጠሯት። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የልጆች መጫወቻ ፕላስቲን ጥቂት ግራም አፍንጫው ውስጥ ይጠቅጠቅ፣ በኮላ ይያዝ፣ ፈተናው ይደገም።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። ሞተሩ ላይ ኤ8-3፣ ቢ6-4፣ ሲ6-5 የሚል ታገኛላችሁ። ፊደሉ ሞተሩ በጠቅላላ የሚሰጠውን ጉልበት ይናገራል፤ ኤ እስከ 2.5፣ ቢ እስከ 5፣ ሲ እስከ 10 ኒውተን-ሰከንድ ነው፣ በየፊደሉ እጥፍ ይሆናል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር አማካይ ገፊ ኃይሉ በኒውተን ነው። የመጨረሻው ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱን የሚያስወጣው ፍንዳታ እስኪመጣ የሚቆየው ሰከንድ ነው። በነዚያ ሰከንዶች ሮኬቷ በራሷ ፍጥነት ሽቅብ ትሄዳለች፤ ፓራሹቱ መውጣት ያለበት ጫፍ ላይ ደርሳ ልትዞር ስትል ነው። ሮኬቷ ከብዳ መጠበቂያው ከረዘመ፣ ፓራሹቱ ሳይወጣ ቁልቁል ትመጣለች። መጨረሻው ዜሮ ወይም ፒ የሆነ ሞተር አትግዙ፤ ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው።

ለመጀመሪያው በረራ ኤ8-3 ግዙ። ከነሞተሩ እስከ 85 ግራም የምትመዝን ሮኬት ያነሳል። የእናንተዋ ከነሞተሯ 60 ግራም ብትሆን ክብደቷ 0.6 ኒውተን ገደማ ነው፣ ገፊው ኃይል ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ ከአምስት እጥፍ በታች መሆን የለበትም። ልጆች ሲ6-5 ይግባልን ማለታቸው አይቀርም። ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት። ሮኬቷ 100 ሜትር ወጥታ በሰከንድ 4 ሜትር ብትወርድ 25 ሰከንድ አየር ላይ ትቆያለች፤ ነፋሱ በሰከንድ 4 ሜትር ከሆነ 100 ሜትር ርቃ ታርፋለች። በሲ ሞተር እንዲህ ያለች ቀላል ሮኬት 300 ሜትር ልትደርስ ትችላለች፤ በዚያው ነፋስ 300 ሜትር ትሄዳለች፣ ማለትም ከሜዳው ውጭ፣ ዛፍ ላይ ወይም መንገድ ላይ።

እቤት ስለሚዘጋጅ ነዳጅ ያለኝ አቋም አይለወጥም። ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ የተወለደው ያንን ለማስቀረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክ ከመጠቀች በኋላ የአሜሪካ ወጣቶች ነዳጅ እየቀመሙ በየጓሮው ብረት ቱቦ ውስጥ ሲጠቀጥቁ ጣታቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ሕይወታቸውንም አጥተዋል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1954፣ በኖርፎክ ነብራስካ ጫማ ይሸጥ የነበረው ኦርቪል ካርላይል ከወንድሙ ከሮበርት ጋር በወረቀት የተሠራችና በፓራሹት የምትወርድ ትንሽ ሮኬት ሠርቶ ነበር። በዋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ የደህንነት ኃላፊ የነበረው ሃሪ ስታይን ነገሩን ሲያይ ለነዚያ ወጣቶች መፍትሔ ሆኖ አገኘው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፦ ልጁ ሮኬቷን ይሥራ፣ ባሩዱን ግን ፋብሪካ ይሥራው። ቀጥሎ ቨርን ኤስተስ ዴንቨር ውስጥ በየ5 ሰከንድ ተኩሉ አንድ ሞተር የሚያወጣ ማሽን ሠራ፤ ሞተር ርካሽ የሆነው ያን ጊዜ ነው። ቪዲዮውን የሠራው ሰው ያተርፍላችኋል የሚላችሁ ጥቂት ዶላር ለልጅዎ እጅ ዋጋ አይሆንም።

የፓርኩ ነገር ብዙ የእኛ ቤተሰቦች የማያውቁት ስለሆነ ረጋ ብለው ያንብቡት። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ከ13 እስከ 15 የባሕር ማይል የሚደርስ ጥብቅ የበረራ ቀጠና አለ። የፌዴራል አቪዬሽን ደንብ ክፍል 93 በዚህ ቀጠና ውስጥ በክፍል 101 ሥር ያሉ በረራዎችን ያለ ልዩ ፈቃድ አይፈቅድም፤ የወረቀት ሮኬትም የምትመራው በዚሁ ክፍል 101 ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም፣ አርሊንግተንም፣ አሌክሳንድሪያም ቀጠናው ውስጥ ናቸው። ከቀጠናው ውጭ ግን ከ1,500 ግራም ያልበለጠች፣ ነዳጇ ከ125 ግራም የማያልፍ፣ ከወረቀት፣ ከእንጨትና ከሚሰበር ፕላስቲክ የተሠራች ሮኬት ከፌዴራል አቪዬሽን ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ የሜዳው ባለቤት ፈቃድና የአካባቢው የእሳት ደንብ ግን ያስፈልጋሉ።

እኔ የምመክረው ክበብ ነው። ናርሃምስ የተባለው የቆየ ክበብ ማውንት ኤሪ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኝ ፓርክ ያስነሳል፤ በቨርጂኒያ በኩል ደግሞ ኖቫር ዘ ፕሌይንስ ከተማ አጠገብ ባለው ግሬት ሜዶ ሜዳ ላይ። ማስነሻው፣ ዘንጉ፣ ልምድ ያለው ሰው እዚያ አለ። ግሬት ሜዶ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ጥሬ እንቁላል ሳይሰበር አውጥተው የሚያወርዱበት አገር አቀፍ ውድድር ፍጻሜ የሚካሄድበት ቦታም ነው። ልጅዎ ዕድሜዋ እየደረሰ ነው፤ አንድ ቀን ወስደው ያሳዩዋት።

የሚነሳበት ቀን ነፋስ የሌለበት ጠዋት ይሁን። የሞዴል ሮኬት የደህንነት ደንብ በሰዓት እስከ 32 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ከዚያ ግማሽ በታች ይሁን። ለኤ ሞተር የሜዳው ጠባብ ጎን ቢያንስ 30 ሜትር፣ ለቢ 60፣ ለሲ 120 ሜትር ነው። ፓራሹቱን ማታ አጣጥፋችሁ አታሳድሩ፤ ፕላስቲኩ እንደታጠፈ ይቀራል። ከፓራሹቱ በታች የሚገባው ወረቀት እሳት የማይዝ፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ይሁን። ሶፍት እንደ ፍም እየጤሰ ወርዶ ደረቅ ሣር ያቀጣጥላል።

ማቀጣጠያው ሞተሩ ውስጥ እስከ ነዳጁ ድረስ ገብቶ በመሰኪያው ይያዝ፤ የማይነሱ ሮኬቶች ብዙውን ጊዜ የማይነሱት ማቀጣጠያው ባሩዱን ስላልነካ ነው። የማስነሻው ቁልፍ፣ ሽቦ በሚያያዝበት ጊዜ ሁሉ፣ በእርስዎ ኪስ ይሁን። የዘንጉ ጫፍ ለጎንበስ ባለ ሰው ዓይን አደገኛ ስለሆነ ከዓይን ከፍታ በላይ ይሁን ወይም ይሸፈን። ሁሉም 5 ሜትር ይራቁ፣ ልጅዎ ጮክ ብላ ከአምስት ወደ ታች ትቁጠርና ትጫን። ካልተነሳች ቁልፉን ነቅላችሁ 60 ሰከንድ ሙሉ ጠብቁ፣ ከዚያ ቅረቡ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ካረፈች ትታችኋት ሂዱ፤ ለማውረድ የሚሞክር አይኑር።

ምን ያህል እንደወጣች ለማወቅ ልጅዎ ከማስነሻው 100 ሜትር ርቃ ትቁምና፣ ሮኬቷ የበረራዋ ጫፍ ላይ ስትደርስ ክብደት ያለው ክር በተንጠለጠለበት የማዕዘን መለኪያ ትለካት። 45 ዲግሪ ከሆነ ሮኬቷ ከልጅዎ ዓይን 100 ሜትር በላይ ነበረች፣ 30 ከሆነ 58።

የወንድምዎን ልጅ በተመለከተ፣ የሞዴል ሮኬት ሞተር በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው። ሞተር የሌላት ባዶ ሮኬት ግን ወረቀትና እንጨት ናት፣ ስጦታ ትሆነዋለች። እዚያ አብረው እንዲያስነሱ የውሃ ሮኬት ሥሩለት። ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ፣ ሲሶው ውሃ፣ ልክ የሚያሳይ የብስክሌት ጎማ መንፊያ፣ ከካርቶን የተቆረጡ ሦስት ክንፎች ይበቃሉ። የካርቶኑ ቅርጽ ፈተናም የገመዱም ፈተና እዚህም ይሠራል፤ የክብደት ማዕከሉ የሚለካው ግን ውሃው ሳይኖር ነው፣ ውሃው ወዲያው ወጥቶ ስለሚያልቅ። የውሃ መሸጫ ስስ ጠርሙስ ግፊት አይችልም፣ ጋዝ ያለበት መጠጥ የነበረበት ብቻ ይሁን። ከ4 ባር አትለፉ፣ ማስለቀቂያውን በረጅም ገመድ ከርቀት ሳቡ፣ ጭረት ወይም እጥፋት ያለበትን ጠርሙስ ደግሞ ሳትሞክሩበት ጣሉት።